ኢንች ማይክሮሜትር ረከሰ ብላችሁ እንዳትገዙ፣ ሚሊውን ያዙ

ሰላም ናችሁ፣ አዳማ ሆናችሁ እንደኔ ቅዳሜና እሁድ ብረት ስትነካኩ የምትውሉና ካሊፐር (በመንጋጋ ይዞ የሚለካው) ወይ ማይክሮሜትር (እየዞረ ቀጭን ልክ የሚለካው) ልትገዙ ያሰባችሁ ይቺን አንብቡልኝ። እኔ ሶስት መለኪያ አለኝ፣ 150 ሚሊ ዲጂታል ካሊፐር፣ ባትሪ የማይፈልገው ቨርኒየር ካሊፐር እና አሮጌ የኢንች ማይክሮሜትር።

መጀመሪያ የገዛሁት የኢንቹን ነው። መናኸሪያ አካባቢ አሮጌ እቃ የሚሸጥ ልጅ ጋር አየሁት፣ እጅ ላይ ከበድ ይላል፣ ሲዞርም ልስልስ ያለ፣ ዋጋው ደሞ የአዲስ ዲጂታል ግማሽ። ልጁ "ብሮ መለኪያ መለኪያ ነው፣ በ25.4 ማባዛት ነው በቃ" አለኝ። ሂሳቡስ ልክ ነው፣ 1 ኢንች ድፍን 25.4 ሚሊ ነው፣ ችግሩ ሳታባዙ በፊት ያለው ንባብ ላይ ነው። የኢንች ማይክሮሜትር አንዴ ሲዞር 0.025 ኢንች ነው የሚሄደው፣ ዙሪያው ላይ 25 መስመር አለው፣ ስለዚህ 25፣ 50፣ 75 እያላችሁ እየደመራችሁ ነው የምታነቡት። የሚሊው ግን አንድ ዙር ግማሽ ሚሊ፣ ዙሪያው 50 መስመር፣ አንዷ መስመር 0.01 ሚሊ፣ አለቀ።

ከወዳደቀ ሞተር የመሞረጃ ማሽን እየሰራሁ ነበርና የአሮጌውን ዘንግ ውፍረት በዛ ማይክሮሜትር ለካሁት። 0.590 ማንበብ ሲገባኝ አንዷን የ0.025 መስመር ዘልዬ 0.565 አነበብኩ፣ በስልኬ አባዛሁት፣ 14.35 ሚሊ ሆነ፣ ወረቀት ላይ ጽፌ በዚህ ልክ አዲስ ዘንግ ላስቀርጽ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። የቶርኖ ቤቱ ጋሼ ወረቀቱን አይቶ "አንተ ልጅ እርግጠኛ ነህ? የዘንጉ 6202 ኩሽኔታ ኮ ቀዳዳው 15 ነው" አለኝ፣ እኔ ደሞ ለክቼዋለሁ ጋሼ አልኩት። ቤት መጥቼ ኩሽኔታውን አዲሱ ዘንግ ላይ ስከተው ሳልገፋው ሰተት ብሎ ገባና ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። የብረቱም የእጅ ዋጋውም ገደል ገባ፣ በጣም ነው የተናደድኩት።

በሚሊ ለክቼው ቢሆን 14.98 ወይ 14.99 ይለኝ ነበር፣ ያኔ ይሄ 15 ነው ብዬ ወዲያው አውቀዋለሁ፣ ተሳስቼ 14.48 ባነብ እንኳን ይሄ ቁጥር ከየት መጣ ብዬ ደግሜ እለካለሁ። እጃችን ላይ ያለው እቃ እኮ አብዛኛው በሚሊ የተሰራ ነው፣ የባጃጁ ቡሎን፣ ኩሽኔታው፣ ፑንታው፣ ቁጥር 13 ቁልፉ። የሚሊ መለኪያ ቁጥሩ ራሱ ስህተታችሁን ይነግራችኋል፣ 0.565 ኢንች ግን ለኔ ምንም አይለኝም።

ቧንቧስ በኢንች አይደል እንዴ የምትሉ አላችሁ። ግማሽ ኢንች የሚባለውን የብረት ቧንቧ በካሊፐር ያዙት፣ ውጪው 21.3 ሚሊ አካባቢ ነው፣ ግማሽ ኢንች ደሞ 12.7 ነው፣ ስለዚህ ስም ነው እንጂ ልክ አይደለም።

ኢንች የእውነት ያስፈለገኝ አንድ ቦታ ነው፣ የእማዬ አሮጌ ሲንጀር። የሱ ቡሎኖች ጥርሳቸው በኢንች ነው፣ ተራ የሚሊ ቡሎን በግድ ካስገባችሁበት ጥርሱን ይበላዋል፣ እማዬ ደሞ ያንን ማሽን እንደ ልጇ ነው የምታየው። ለሱም ቢሆን የዲጂታሉን ኢንች ቁልፍ ነካ ማድረግ በቂ ነው፣ ለብቻው የኢንች እቃ መግዛት አያስፈልግም።

ዲጂታል ስትገዙ አዲስ 6202 ኩሽኔታ ኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ውስጡ 15፣ ውጪው 35 ሚሊ ነው፣ ንባቡ ከዚህ ከ0.02 ወይ ከ0.03 ሚሊ በላይ ከራቀ ተዉት። መንጋጋውን ግጠሙና ወደ ብርሃን አንሱት፣ ብርሃን ካሾለከ አትውሰዱ። እኔ የገዛሁበት ሱቅ ሰውዬው ሳይሰለች አራት አውጥቶ አስለካኝ፣ ሶስተኛውን ነው የወሰድኩት፣ አላህ ይስጠው።

ባትሪው ላይ ግን ቅሬታ አለኝ፣ ተዘግቶም ይበላል፣ ስትጨርሱ አውጡት። ፀሐይ ላይም አትተዉት፣ 100 ሚሊ ብረት በ10 ዲግሪ ልዩነት 0.01 ሚሊ ያህል ይረዝማል፣ የአዳማን ፀሐይ ደሞ ታውቁታላችሁ። አቧራ ሲነሳ እኔ ቨርኒየሩን ነው የማወጣው፣ ጠረግ አድርጌ እለካበታለሁ፣ እስካሁን አላስቸገረኝም።