ጓንዡ ያላችሁ ሀበሾች፣ ብጉንጅና ትኩሳት ያንገላታው ሰው ካለ ይቺን ዶክተር ያግኛት

ብዙ መፃፍ አልወድም፣ ግን የሰው ውለታ ውጦ መቀመጥም ነውር ነው ስለዚህ ረዘም ቢልባችሁም ታገሱኝ። ምስጋናዬ እዚሁ ጓንዡ ዳዴ መንገድ ላይ ባለው የጓንግዶንግ ግዛት የቻይና ባህላዊ ህክምና ሆስፒታል ለምትሰራ አንዲት ዶክተር ነው። ሳላስፈቅዳት ስሟን አልለጥፍም፣ የፈለገ በውስጥ ይጠይቀኝ።

እኔ ለመርካቶ ነጋዴዎች እቃ እየገዛሁ በካርጎ የምልክ ሰው ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ከገበያ ገበያ ስዞር ነው የምውለው። መጀመሪያ ብብቴ ስር ብጉንጅ ወጣ፣ ፈነዳ፣ ደረቀ፣ ተገላገልኩ ስል ጭኔ ላይ መጣ፣ እሱ ሲሻለኝ ደግሞ ማጅራቴ ላይ አንድ ትልቅ ነገር አበጠና አንገቴን ማዞር ከለከለኝ። ማታ ማታ ትኩሳት። የጓንዡ የሐምሌ ሙቀት ሰውን እየቀቀለ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። እማዬ በስልክ ምች ነው ትላለች፣ ዳማከሴ በሰው ልላክልሽ፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ የለም የለም ዓይን ነው፣ ስራሽን አይተው ነው።

ከዚህ በፊት የሄድኩባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም፣ እግዜር ይያቸው። አንዱ ጋ ገና ከመግባቴ ጉሉኮስ ሰቀሉልኝ፣ በማግስቱም ሰቀሉልኝ፣ ውስጡ ምን እንደጨመሩበት የነገረኝ የለም፣ ምንሽን ነው የሚያምሽ ብሎ ቁጭ ብሎ የጠየቀኝም የለም፣ ፓስፖርቴንና ክፍያዬን ግን ደጋግመው አይተዋል። ሌላው ጋ አንዱ መጣና ሳያደነዝዝ ብጉንጁን ጨመቀው፣ እኔ ስጮህ እሱ ከጓደኛው ጋር ወሬውን ይዟል። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን የኛው ሰው ነው፣ መቶ ፐርሰንት የቻይና ቅጠል ነው ምንም ኬሚካል የለውም ብሎ በቴሌግራም ጥቁር ቅባት የሸጠልኝ፣ ቁስሉን በዓይኑ እንኳን ሳያይ! ቆዳዬን ላጠው። ብሬን መልስ ስለው ብሎክ።

በመጨረሻ ጨርቅ የምገዛት አንዲት ቻይናዊት ሱቋን ለልጇ ትታ እጄን ይዛ እዚህ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1933 የተመሰረተ አንጋፋ ነው፣ እኔ ግን የመሰለኝ ፂማም ሽማግሌ ቅጠል ከመሳቢያ አውጥቶ የሚሰጥበት ቤት ነበር። የገባሁት መነፅር ያደረገች፣ ረጋ ያለች ሴት ክፍል ነው። የሁለቱንም እጄን የደም ስር ይዛ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፣ ምላሴን አየች፣ ከዛ በስልክ አስተርጓሚ ትጠይቀኝ ጀመር። ከኢትዮጵያ መቼ መጣሽ? ውሃ ይጠማሻል? ሌሊት ለሽንት ትነሻለሽ? ኪሎ ቀንሰሻል? እውነቴን ነው የምላችሁ እንባዬ መጣ፣ እስከዛ ቀን ድረስ ማንም ይሄን አልጠየቀኝም። ቤተሰብ ጠይቄ ከአርባ ምንጭ መመለሴ ነው ስላት ቅጠል ከማዘዟ በፊት የወባና የስኳር ምርመራ አዘዘች። ወባ የለም። ስኳሬ ግን ጣራ ነክቷል! ስኳር ከፍ ሲል ቁስል ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ አይድንም፣ ለዛ ነው ብጉንጁ እየዞረ የሚመለስብሽ አለችኝ። ያ ሁሉ ጉሉኮስ ሲሰቀልልኝ ጣቴን ጠቅ አድርጎ ያየ ሰው አልነበረም።

ውጤቱን ስንጠብቅ ያወራችኝ ነገር ደስ ስላለኝ ልንገራችሁ። ወንድሜ አርባ ምንጭ ወባ ሲይዘው የሚውጠው ኮአርተም ለካ መሰረቱ ቺንግሃዎ የሚባል የቻይና ቅጠል ነው። ቱ ዮዮ የምትባል ሳይንቲስት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተፃፈ መፅሀፍ ላይ ቅጠሉን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ጨምቀህ ጠጣ የሚል አገኘች፣ አፍላው አይልም፣ ከዛ ነው ሙቀት ሳያበላሽ አይቀርም ብላ በሌላ መንገድ ያወጣችው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለመች። ዶክተሯ ይሄን ስታወራ የራሷን እህት የምታወራ ነው የምትመስለው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኔ ቅጠል ስጪኝ ብዬ ነው የሄድኩት፣ እሷ ግን ማጅራቴን ነካ ነካ አድርጋ መግል ቋጥሯል፣ የሚጠጣ ነገር ይሄን አያወጣውም፣ መከፈት አለበት አለች። በመርፌ አደነዘዙኝ፣ ሲከፍቱት እሷ እጄን ይዛ ነበር፣ ምንም አልተሰማኝም ማለት ይቻላል። ከዛ ምን አደረገች መሰላችሁ፣ እስክሪብቶ አወጣችና የቀላውን ቆዳ ዙሪያውን አሰመረችበት፣ በራሴ ስልክ ፎቶ አነሳችው። ማታ አብራሽ የምትኖር ልጅ ትየው፣ ቅላቱ መስመሩን ካለፈ ወይ ትኩሳቱ ከጨመረ ጠዋትን አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ነይ አለችኝ። እንቅልፍ የወሰደኝ በዛች መስመር ነው ብል ማጋነን አይደለም። ጓደኛዬ ሌሊት በስልክ መብራት እያየች፣ አላለፈም ተኚ ትለኛለች። እንዲህ ቀላል ነገር ነው፣ አንድ እስክሪብቶ፣ ግን ከዛ በፊት ማን አሰበልኝ?

ከዛ አንቲባዮቲክና የስኳር ኪኒን፣ ከነሱ ጋር ቅጠሉ። የቅጠሉን አሰራር አትጠይቁኝ፣ ሙቀትና መርዝ ያወጣል ነው የሚሉት። ጂን ዪን ኋ የሚባል አበባ አለበት፣ የወርቅና የብር አበባ ማለት ነው፣ ሲፈካ ነጭ ሆኖ በኋላ ቢጫ ስለሚሆን፣ ከሱ ጋር ሌሎች አራት አሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1742 የታተመ የቤተ መንግስት የህክምና መፅሀፍ ላይ ያለ ቅመማ ነው አሉኝ። ማፍያ ቦታ የለኝም ስላቸው እዛው አፍልተው በታሸገ ከረጢት ሰጡኝ፣ ማታና ጠዋት አሙቆ መጠጣት ብቻ። ምሬቱ እንደ ኮሶ ነው! ፊቴን ስታይ ከመሳቢያዋ በስኳር የተሰራ ነገር ልታወጣ ብላ ትዝ ሲላት ሳቀችና የደረቀ የመንደሪን ልጣጭ ሰጠችኝ።

ስድን፣ የትኛው ነው ያዳነኝ ብዬ ጠየቅኳት። ዋናው መግሉ መውጣቱና ስኳርሽ መውረዱ ነው፣ ቅጠሉ አግዟል አለችኝ። ቅጠል አዛዧ እኮ ናት ይሄን የምትለው! ያኛው በቴሌግራም ሲምል ነበር።

እና ባካችሁ፣ ብጉንጅ እየተመላለሰ የሚያሰቃያችሁ፣ ትኩሳት ያለባችሁ፣ ቤት ውስጥ በመርፌ አትውጉት፣ ሂዱ። በጠዋት ሂዱ፣ ወረፋው ብዙ ነው፣ ፓስፖርት ያዙ፣ ቻይንኛ የሚችል ሰው ካለ ይዛችሁ ሂዱ ከሌለም ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ። የምትወስዱትን ኪኒን ሁሉ አሳዩአት፣ እርጉዝ የሆናችሁ ከሁሉ በፊት እሱን ንገሯት። እድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ፣ ልጆቿን ይባርክላት።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ቅጠሉን ላኪልን እያላችሁ አትለምኑኝ፣ እኔም ለእማዬ ጉልበት ብዬ ሞክሬያለሁ። ያላየሁት ሰው አላክምም፣ ይዘሻት ነይ አለችኝ። እማዬ ይኸው ፓስፖርት ልታወጣ ሰልፍ ላይ ናት።