ባለ ሸክላው የኤሌክትሪክ ምጣድ፦ ዕድሜ ለገፋ ጋጋሪ ይመቻል ወይ?

መርካቶም ይሁን በየሰፈሩ ብረታ ብረት ቤት የሚሸጠው ባለ ሸክላ ምጣድ አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሸክላ፣ ከሥሩ በቦይ ውስጥ የሚዞር ሽቦ፣ ሽቦውን የሚይዝ ጀሶ፣ ዙሪያውን ላሜራ፣ እግርና ክዳን። በእንጀራው በኩል ክርክር የለም፤ በደንብ በተሟሸ ሸክላ ላይ ዓይኑም ልስላሴውም ይመጣል። ወገብ፣ ጉልበትና የእጅ አንጓ ማስቸገር ለጀመራቸው እናቶች ግን ጣጣው ሌላ ቦታ ነው፦ እግሩ፣ ክዳኑና ሶኬቱ ላይ።

ሻጩ ቀድሞ የሚያሳየው ቀይዋን መብራት ነው። ምጣዱ ሳለ እንቅቡ ተንጣጣ ማለት ይኼ ነው። መብራቷን ተዉትና ሸክላውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት። ሌላው ቦታ ሲደርቅ ስንጥቁ ውስጥ ያለው እርጥበት ይዘገያል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ከታየ ሌላ ይምጣላችሁ። ቀጥሎ ይሰካና ሲግል ጭብጥ ዱቄት በሳሳው በተን አድርጉበት። ዱቄቱ እኩል ከጠየመ ሽቦው በደንብ ተዘርግቷል። ዳር ዳሩ ጠቁሮ መሀሉ ነጭ ከቀረ፣ መሀል ላይ የሽቦው ዙር ሳስቷል ማለት ነውና እዚያ ላይ እንጀራው አይበስልም፣ ምጣዱንም ይይዛል። ይህን ሙከራ «አያስፈልግም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እቃውን ተዉለት።

ከፍታው እንዳለ አይወሰድም። ብዙዎቹ እግሮች አጭር ናቸው፤ አንድ ቡሆ ዕቃ ሊጥ ጎንበስ ብሎ መጋገር ማግስቱን አልጋ ላይ ያውላል። ትክክለኛው ልክ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ሸክላው ከክርንዎ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ሲገኝ ነው። ከዚያ ከፍ ካለ ደግሞ ሊጡን ወዲያኛው ዳር ሲያዞሩ ክንድዎ ከጋለው ጠርዝ ጋር ይገናኛል። እግሩን ማስረዘም ለበያጅ ትንሽ ሥራ ነው፤ ያኔውኑ እግሮቹ ጫፍ ላይ የሚሽከረከር ቡሎን ይግባላቸው። ወለሉ ዘንበል ካለ ሊጡ ወደ አንድ ወገን ይፈስና እንጀራው ባንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላው ስስ ይሆናል። ጠርሙስ በጎኑ ምጣዱ ላይ አስተኝቶ መንከባለሉን ማየት ይበቃል፤ ሸክላው ሳይሰካ ታዲያ።

ክዳኑ የሁለት ዓይነት ነው። ልቅ የሆነው ላሜራ ከባድ ባይሆንም፣ መያዣው ብረት ከሆነ ይፋጃል፤ በእንጨት ይቀየር። ቀጥ ብሎ ሲነሳ እንፋሎቱ አንጓ ላይ ስለሚመጣ መጀመሪያ ወዲያኛው ጠርዝ፣ ከእርስዎ የራቀው፣ ከፍ ይበል። በማጠፊያ የተያያዘው ክዳን ለእጅ ያርፋል፤ ጥፋቱ ግን ላቦቱ ወደ ኋላ ወርዶ እንጀራው ጠርዝ ላይ ይንጠባጠባል፤ የነካው ቦታ ይረጥብና ሲነሳ ይቀደዳል። በሁለት በሦስት እንጀራ አንዴ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ማበስ ይጠይቃል። ሁለቱ ቢቀርቡልኝ እንዲህም ሆኖ ባለ ማጠፊያውን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ምጣዱ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይጎትታል፤ በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። ተራው የግድግዳ ሶኬት የሚችለው 16 ነው፤ ለሻይ ማፍያ ይበቃል፣ ሁለት ሰዓት ለሚዘልቅ ጋገራ ግን አይሆንም። ሶኬቱ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ቀጥሎ የፕላስቲክ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ ቀዳዳው ይጠቁርና ይላላል፤ በላላ ቁጥር ደግሞ ይብስ ይግላል። በዲቫይደር መሰካትማ ፈጽሞ አይታሰብም። ኤሌክትሪሻን ከቆጣሪው ሳጥን ራሱን የቻለ ባለ 4 ካሬ ሽቦና ባለ 25 አምፔር ብሬከር ይዘርጋ።

«ምጣዱ ይነዝረኛል» የሚለው ስሞታም እንደ ቀልድ አይታለፍ። በላስቲክ ጫማ ወይም እንጨት ላይ ቆሞ መጋገር መፍትሔ አይደለም። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው፦ በስንጥቅ የገባ ሊጥ ሽቦውን አርጥቦታል፣ ወይም የሽቦው ጫፍ ላሜራውን ነክቷል። ይነቀልና ከሥሩ ይታይ። ከዚያም ቢጫና አረንጓዴው የመሬት ሽቦ ከላሜራው ጋር በቡሎን ይታሰር። ከፋብሪካም ከጓዳም የሚወጡ ብዙ ምጣዶች ይህችን ሽቦ አያስሩም፤ ለእኔ የዚህ ዕቃ ትልቁ ነውር እሱ ነው። ሽቦ ተቃጥሎ ከተቀየረ በኋላም አዲሱ ጀሶ በደንብ ሳይደርቅ ከተሰካ መንዘሩ አይቀርም። የተበጠሰውን አጠማዞ መቀጠል ደግሞ ያው ቦታ ላይ ደግሞ መበጠስ ነው፤ ሙሉው ይቀየር።

ማሟሸቱን የምታውቁት ነው። ያልለመደ ልጅ ወይም ሠራተኛ ካለ ግን ይነገረው፦ ለዘብ ባለ ሙቀት ሁለት ጭብጥ የተወቀጠ ጎመን ዘር ተበትኖ በጨርቅ ይታሻል፤ ሸክላው ጠቁሮ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይደጋገማል። በውሃና በሳሙና አይታጠብም። በጋለበት ቀዝቃዛ ውሃ ከነካው ይሰነጠቃል።

የፍጆታው ነገር ብቻውን ለሚኖር ሰው አያዋጣም። ሸክላው እስኪግል ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ስምንትም ተጋገረ ሠላሳ ያ ኃይል ወጥቷል። ሠላሳ እንጀራ ከስድስት እስከ ሰባት ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጓደኛሞች ሊጣቸውን ይዘው አንድ ቤት ቢገናኙ ነው የሚሻለው፤ ቡናውም እዚያው ይፈላል። ጠቡ የሚነሳው በተራ ነው። ምጣዱ እየቆየ ይበልጥ ስለሚግል መጨረሻ የደረሰችው «እንጀራዬን አሳረራችሁብኝ» ትላለች። ሊጡ ሲፈስ ወዲያው ከተንጣጣና ዓይኑ ደቃቅ ከሆነ፣ ማጥፋትና ሁለት እንጀራ በተረፈው ሙቀት መጋገር ነው። አብዛኛው ምጣድ ሙቀት መቆጣጠሪያ ስለሌለው ማብሪያ ማጥፊያው እጅ የሚደርስበት ይሁን፣ ከምጣዱ ጀርባ አይደለም። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራዎችም ጠፍቶ ይበስላሉ።

ልጆች ከአሜሪካ የሚልኩት ማጣበቅ የሌለበት ትንሹ ምጣድ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው፣ ቀላል ነው፣ ማሟሸት አይፈልግም፣ ሙቀቱም ይስተካከላል። እንጀራው ግን ለትሪ ያንሳል። ከመሰካቱ በፊት ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ይነበብ፤ 110 ወይም 120 ቮልት የሚል ከሆነ የእኛ ቤት ሶኬት ላይ ገና ሲሰካ ይቃጠላል፤ ያን ያህል ኃይል የሚችል ትራንስፎርመር ደግሞ ከምጣዱ ይከብዳል።