በቶርኖ የተሠራው የሾክ ቫልቭ፦ ሲወርድ እወደዋለሁ፣ ሲመለስ ግን እንጣላለን

በሞተር ሳይክሌ የፊት ሾክ ውስጥ ስላስገባሁት፣ የዘይቱን መተላለፊያ ስለሚቆጣጠረው ቫልቭ ልጽፍ እያሰብኩ ብዙ ጊዜ ትቼዋለሁ። ደህና የሚሠራ ነገር ምን ይጻፍበታል? አሁን ግን ድምፅ መጣ። የፊት ሾኩ ተጨምቆ ሲመለስ፣ ልክ ጫፍ ላይ ሲደርስ «ጧ» ይላል። ብረት ከብረት። ጎንደር ውስጥ አይሰማም፣ ደባርቅም አይሰማም። ሊማሊሞን ወርጄ ዛሪማ ቆላው ውስጥ ስገባ ይጀምራል። ዳገቱን ተመልሼ ስወጣ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ይላል። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ በአብዛኛው ስለ «ጧ» ነው። ሌላው በአጭሩ፦ ቫልቩ ክረምቱንም በጋውንም ችሏል፣ አልተሰበረም፣ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚይዘውን ላስቲክ) አላበላሸም፣ ዘይት አላንጠባጠበም። በቃ።

ሞተሯ ሆንዳ ኤክስ ኤል 250 ኤስ ናት፣ በፈረንጆቹ 1978 የወጣ ሞዴል። የፊት ጎማዋ 23 ኢንች ነው። ሆንዳ ራሱ ኋላ ላይ ነገሩን ትቶ ወደ 21 ተመልሷል፣ እኔ ግን እዚያው ቀርቻለሁ። ጎማ ቤት ገብቼ «23 አለ?» ስል «ለጋሪ ነው?» ይሉኛል።

«ወንድሜ፣ ሽጣትና አዲስ ቦክሰር ግዛ» የሚል ሰው በየሳምንቱ አይጠፋም። መለዋወጫው በየሱቁ ሞልቷል፣ ነዳጅ አትበላም፣ መካኒኩ ሁሉ ያውቃታል ይለኛል። እውነት ነው፣ አልከራከርም። ግን እኔ የጠየቅኩት ስለ ሾክ ነው እንጂ ስለ ትዳር አይደለም። ይህችን ሞተር የምወዳት ስለተመቸችኝ አይደለም።

አሁን ወደ ነገሩ። የእነዚህ አሮጌ ሞተሮች የፊት ሾክ ውስጡ ቀላል ነው። ከታች በቡሎን የተያዘ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ዘንግ አለ። ዘንጉ ከታች በኩል ቀዳዳዎች አሉት፣ ከላይ በኩል ደግሞ አንድ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ። ሾኩ ሲጨመቅ ዘይቱ በታችኞቹ ይሾልካል፣ ሲመለስ የላይኞቹ ይይዙታል። አለቀ። ቀዳዳው እንደሁኔታው አይሰፋም፣ አይጠብም። ችግሩ ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ የዘይቱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ቀዳዳው ላይ የሚገጥመው እምቢታ አራት እጥፍ ይሆናል። የጥምቀት ዕለት የፋሲል መዋኛን በር ያየ ሰው ይገባዋል። ሰዉ ቀስ እያለ ሲያልፍ በር ያለም አይመስልም፣ ሁሉም በአንዴ ሲገፋ ግን ማንም አያልፍም። ፍሬን ስትይዝ ሾኩ የሚወርደው ቀስ ብሎ ነው፣ ስለዚህ የሚከለክለው የለም፣ ሞተሯ አፍንጫዋን ትደፋለች። ኮብልስቶን ላይ ስትሄድ ወይም የአስፋልት ጉድጓድ ጠርዝ ሲመታህ ደግሞ ዘይቱ ማለፊያ ያጣል፣ ሾኩ ደርቆ ይቀራል፣ ምቱ በቀጥታ መዳፍህ ላይ ነው።

«ወፍራም ዘይት ጨምርበት» ይላል ዘይት ሻጩ። ጋራዡም ይህንኑ ይላል። እንዲያውም ሃያ ሃምሳ የሞተር ዘይት የሚሞሉ አሉ፣ የእኔም ሾክ ለዓመታት የጠጣው እሱን ነው። እሺ ጌታዬ፣ ወፍራም ዘይት ፍሬን ላይ ትንሽ ያግዛል። ኮብልስቶኑ ላይስ? እዚያማ ጭራሽ ይብሳል፣ ድሮም ማለፍ ያቃተውን ዘይት ይበልጥ አወፈርከው። «እንግዲያው ጠንካራ ሞላ አስገባ» ይላል ሌላው። ሞላ ክብደት ይሸከማል፣ የሾኩን ፍጥነት መቆጣጠር ግን የዘይቱ ሥራ ነው። ይሄን በስንት ቋንቋ ልበለው?

መፍትሔው ውጭ አገር ከታወቀ ቆይቷል። ሬስ ቴክ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት «ጎልድ ቫልቭ» እያለ ለአሮጌ ሾኮች የሚሆን ቫልቭ ይሸጣል። ግን ዶላር አለው፣ የባንክ ካርድ አለው፣ ጉምሩክ አለው። እኔ ከተማችን ውስጥ ወደሚሠሩ አንድ የቶርኖ ባለሙያ ሄድኩ። የእንዲህ ያለውን ቫልቭ ሥዕል አሳየኋቸው፣ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ተመለከቱና «ይሄማ ቀላል ነው» አሉ። የቶርኖ ሰው «ቀላል ነው» ሲል ሁለት ትርጉም አለው፣ የሚገባህ ሒሳብ ስትከፍል ነው።

የወጣው ነገር እጅ ላይ ሲያዝ ያምራል። ከነሐስ የተቆረጠ ወፍራም ቀለበት ነው፣ መሃሉ የዘይት ማለፊያ፣ ማለፊያው ላይ የምትከደን ቀጭን ሳህን፣ ሳህኗን የሚጫን ትንሽ ሞላ፣ ሞላውን የምታጠብቅበት ቡሎንና ዳዶ። ከዘንጉ አናት ላይ ይቀመጥና ዋናው ሞላ ተጭኖ ይይዘዋል። ሾኩ ቀስ ብሎ ሲወርድ ዘይቱ ሳህኗ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ያልፋል፣ ስለዚህ ፍሬን ስትይዝ አፍንጫዋ አይደፋም። ምቱ ድንገተኛ ሲሆን ደግሞ ግፊቱ ሳህኗን ያነሣታል፣ መንገዱ ወለል ብሎ ይከፈታል። ሲመለስ ሌላ ቀጭን ራንዴላ ተነሥታ ዘይቱን ያለ ችግር ታሳልፋለች። የዘንጉ የታችኞቹ ቀዳዳዎች ከዚህ በኋላ ሥራ የላቸውም፣ እንዳያግዱ በ8 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ ይሰፋሉ፣ ሌሎችም ይጨመራሉ። ይሄኛው መመለሻ የለውም። የሰፋ ቀዳዳ አይጠብም፣ አስባችሁ ግቡ። ቫልቩ ራሱ ቁመት ስላለው ሞላው ከፍ ይላል፣ በዚያው ልክ ከሞላው በላይ ያለው ማስደገፊያ ቱቦ ማጠር አለበት። ይሄን የዘለለ ሰው ሞተሯ ድንጋይ ሆና ያገኛታል፣ ከዚያ ቫልቩን ይሳደባል።

«ልጄ፣ ትንሿን ሞላ ሁለት ዙር አጥብቄያታለሁ፣ ቀሪውን ነድተህ ንገረኝ» አሉኝ። ነድቼ ነገርኳቸው። «ማስተካከል ይቻላል» የሚሉት ነገር ግን ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ክዳኑን ትፈታለህ፣ ሞላውን ዘይት እያንጠባጠበ ታወጣለህ፣ ከዚያ ጫፉ በታጠፈ ሽቦ ጨለማ ቱቦ ውስጥ ቫልቩን ታጠምዳለህ። ግማሽ ዙር አጥብቀህ ትመልሳለህ። ከዚያ ሌላኛው ሾክ። ሻጭ ቢሆን ኖሮ ይሄን ክፍል ፈገግ ብሎ ያልፈው ነበር።

ግን ሲሠራ! ጎንደር ውስጥ ከጎሃ ኮረብታ ቁልቁል ወደ ፒያሳ ስወርድ ፍሬን ስይዝ ሞተሯ ከነቁመናዋ ትቆማለች። ሊማሊሞ ላይ፣ ያ ጣሊያን በፈረንጆቹ 1930ዎቹ የቀደደው ጠመዝማዛ ላይ፣ ድሮ እያንዳንዱ መታጠፊያ ጋ ፍሬን ስይዝ ትጎነበሳለች፣ ስለቅ ትነሣለች፣ መሪውም አብሮ ይዋልላል። አሁን የለም። ኮብልስቶኑማ ለብቻው ይነገር። ድሮ ከሰፈር እስከ አስፋልቱ ስደርስ ጣቶቼ ይደነዝዙ ነበር፣ አሁን በአንድ እጄ ስልክ ማንሣት ያምረኛል (አላነሣም)። ኮብልስቶን ላይ ይሄን ያህል ለውጥ አልጠበቅኩም። የጠበቅኩት ፍሬኑን ነበር።

እንግዲህ «ጧ»። ማንም የማይነግርህ ነገር ይሄ ነው፦ ይህ ቫልቭ የሚሠራው ሾኩ ሲወርድ ብቻ ነው። ሲመለስ ያለው ነገር ሁሉ እንደ ድሮው ነው። መመለሱን የሚይዙት የዘንጉ የላይኞቹ ትንንሽ ቀዳዳዎችና የዘይቱ ውፍረት ናቸው። ድሮ ያ ሃያ ሃምሳ ዘይት ስለወፈረ መመለሱን አንቆ ይዞት ነበር፣ ቆላም ብትወርድ የተረፈ ውፍረት ነበረው። ቫልቩ ሲገባ ባለሙያው «ከእንግዲህ ቀጭን ዘይት ነው» አሉ፣ ቀጭን አደረግን፣ መውረዱ አማረ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ነው፣ ብርድ ነው፣ ዘይቱ ወፈር ይላል፣ ሾኩ ረጋ ብሎ ይመለሳል። ከዚያ በአንድ ቁልቁለት ሙቀት ውስጥ ትገባለህ፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ሾኩ እየተወረወረ ይመለስና ጫፉን ይመታል።

ወደ ዘይት ሱቅ ተመለስኩ። የውፍረት ቁጥሩ 10 ደብልዩ የሚል ጣሳ አለ፣ 15 የሚል አለ። እነዚህ ቁጥሮች በሾክ ዘይት ላይ ከፋብሪካ ፋብሪካ አንድ አይደሉም፣ የአንዱ 10 የሌላው 15 ያህል ሊወፍር ይችላል። ትክክለኛው መለኪያ በ40 እና በ100 ዲግሪ ሙቀት ላይ ዘይቱ ምን ያህል እንደሚወፍር የሚናገረው ሴንቲስቶክ ነው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ባነሰ ቁጥር ዘይቱ በሙቀት አይለዋወጥም። ይሄን ጠየቅኩ። ልጁ ጣሳውን ገልብጦ አየና «ጋሼ፣ ዘይት ዘይት ነው» አለኝ። ጋሼም ሆንኩ፣ መልሱንም አጣሁ።

የዚያ ዘመን የሆንዳ መመሪያዎች ብዙዎቹ ለሾክ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ያዛሉ። ሞከርኩት። ከሙቀት ጋር ያለው ጠባይ ጥሩ ነው፣ ግን ለእኔ ሾክ ቀጭን ሆነ፣ «ጧ» ከዛሪማ ተነሥቶ ዳባት ድረስ መጣብኝ። ወፈር ያለ ስጨምር ደግሞ ዛሪማ ዝም ይላል፣ ጎንደር ጠዋት ላይ ግን ሾኩ ለመመለስ ይሰንፋል። ኮብልስቶን ላይ አንዱን ድንጋይ ሳይመለስ ሁለተኛው ይመጣል፣ ሦስተኛው ይመጣል፣ ሾኩ ቁጭ እንዳለ ይቀራል፣ ያ ያማረው ነገር ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ አሁን ያለሁት መሃል ላይ ነው፣ ጎንደርን መርጬ ዛሪማን ችያለሁ።

ተጸጽተሃል ወይ? አልተጸጸትኩም። አንድ ሰው መጥቶ የድሮውን ዘንግ ልመልስልህ ቢለኝ ዛሬውኑ ከቤቴ አስወጣዋለሁ። በሳምንት ስድስት ቀን የምነዳው ከተማ ውስጥ ነው፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ ይሄ ነገር ባለውለታዬ ነው። የሚያናድደኝ ግማሽ መፍትሔን ሙሉ አድርጎ መሸጥ ነው። «የሾክህ ችግር ተፈታ» አይባልም። «የሾክህ መውረድ ተፈታ፣ ለመመለሱ ዘይት ፈልግ» ነው የሚባለው።

ባለሙያውን ሄጄ ይሄንኑ አልኳቸው። «ጋሼ፣ መመለሱን ረሱት እኮ።»

«አልረሳሁትም፣ አልጠየቅከኝም» አሉ። ከዚያ ዘንጉን ካመጣሁ የላይኛውን ቀዳዳ በነሐስ ደፍነው ጠበብ አድርገው እንደሚበሱት ነገሩኝ፣ ያኔ ቀጭኑን ዘይት ይዤ ቆላም ደጋም መሄድ እችላለሁ። ነገሩ ያስኬዳል፣ ሌሎችም የሚያደርጉት ነው። ቀዳዳው ከሚገባው በላይ ከጠበበ እንኳ በትራፓኖ ትንሽ ማስፋት ይቻላል፣ ከታችኞቹ ይልቅ ይሄኛው ይቅር ይላል። እኔ ይሄ የመጀመሪያው ሥራ አካል ነው ብዬ በነፃ ይሠራ አልኩ፣ እሳቸው አዲስ ሥራ ነው አሉ። ዋጋው ላይ ገና አልተስማማንም።