የከረክ ምሽግ ጉብኝት፦ ባትሪ ይዛችሁ ግቡ

ከዮርዳኖስ ዋና ከተማ ከአማን ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በጥንቱ የሞዓብ ምድር ያለው ከረክ፣ የመስቀል ጦረኛውን ባላባት የሬኖ ደ ሻቲዮንን ጉልበትና ውድቀት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከአምስት አራት ይገባዋል። አንዱን ያጣው የየዘመኑ ግንባታ ተደበላልቆ ስለሚያደናግር ነው።

ስለዚህ ድንጋዩን በእጅ ዳብሱት። ጠቆር ያለው፣ ሻካራው፣ ጠርዙ ያልተስተካከለው የመስቀል ጦረኞቹ ነው። ነጣ ያለውና ለስልሶ የተጠረበው የኖራ ድንጋይ ደግሞ በ1263 ምሽጉን የያዙት የማምሉኮች፣ ማለትም የግብፅ ሙስሊም ገዥዎች፣ ሥራ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በደቡብ ጫፍ የቆመው ትልቁ ግንብ የሬኖ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ አይደለም፣ የማምሉኮች ነው። ምሽጉንም ያስጀመረው በ1142 የኢየሩሳሌም ንጉሥ ጠጅ አሳላፊ የነበረው ፔይን ነው። ሬኖ በሶርያዋ ከተማ በሀለብ 15 ዓመት ያህል ታስሮ በ1176 ከተፈታ በኋላ፣ የአገሩን ወራሽ እስጢፋኒን አግብቶ ነው የገባበት።

ከምዕራቡ ቅጥር ላይ ሙት ባሕር ይታያል። ከደማስቆ ወደ ግብፅና ወደ መካ የሚሄደው ሲራራ በዚህ አገር ያልፍ ስለነበር መንገዱን የያዘ ቀረጡንም ይዟል። ሬኖ ግን ቀረጥ አልበቃውም። የእርቅ ውል እያለ ሲራራ ዘረፈ፤ የግብፅና የሶርያ ሱልጣን ሳላሃዲንም በ1187 በሐቲን ጦርነት የመስቀል ጦረኞቹን ድል አድርጎ በገዛ እጁ ሰየፈው።

በሰሜን በኩል ምሽጉን ከከተማው የሚለየውን ጥልቅ ጉድባ ሳታዩ አትለፉ። በ1183 የእስጢፋኒ ልጅ ሠርግ ላይ ሳላሃዲን ደርሶ ከተማውን ሲይዝ፣ ጠባቂዎቹ ደንግጠው የጉድባውን ድልድይ ሰበሩ። ጠላት አልገባም፤ እነሱም ግን መውጫ አጥተው ከሠርገኛው ጋር ተዘጋባቸው። በደቡብ ደግሞ ከምሽጉ ከፍ የሚል ኮረብታ አለ፤ ቅጥሩ በዚያ በኩል የወፈረው ለዚህ ነው።

የምድር ውስጥ አዳራሾቹ ረጃጅም፣ ባለ ቅስት ጣሪያና ጨለማ ናቸው። ወለሉ ወጣ ገባ ስለሆነ የስልክ መብራት አይበቃም፤ ደህና ባትሪና የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል። ላይኛው ቅጥር ጠርዝ ላይ ነፋሱ ይበረታል፣ መከለያ የሌለው ቦታም አለ፤ ልጅ ይዞ የሚመጣ ሰው እጁን አይልቀቅ። ከረክ በ1188 እጅ የሰጠው ከዓመት በላይ ተከቦ በረሃብ ነው፤ እነዚህን ጎተራ የሚያህሉ አዳራሾች ስታዩ ያን ያህል መቆየቱ ይገባችኋል። ሁለት ሰዓት ይበቃል፣ ሙዚየሙን በስተመጨረሻ እዩት።