አዳማ ያላችሁ፣ «በካሜራ አይተን የፍሳሽ መስመር እንቀይራለን» የሚሉትን ተጠንቀቁ

ትናንት ከቢሯቸው ከወጣሁ ጀምሮ ደሜ አልበረደም። ነገሩ ሳይቀዘቅዝ ልጻፈው ብዬ ነው እንጂ ነገ ከነገ ወዲያ «ተይው፣ ለእግዜር ስጪው» የሚለኝ ዘመድ አይጠፋም።

ታውቋቸዋላችሁ። ቴሌግራም ላይ «ሳይቆፈር፣ ሳይፈርስ፣ በዘመናዊ ካሜራ» እያሉ የሚለጥፉት። ሲደወልላቸው ወዲያው ከች ይላሉ። ፒክአፕ፣ ቢጫ ሄልሜት፣ አንገት ላይ ባጅ፣ ከመሃላቸው ደግሞ ሁሉም «ኢንጂነር» እያለ የሚጠራው አንድ ሰውዬ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ ጉዳዩ ማመልከቻ ላይ ነው። አካሄዳቸውን ካወቃችሁ ስሙም አያስፈልጋችሁም።

ቤቴ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ከኋላ ሰርቪስ ቤቶች አሉኝ፣ አከራያቸዋለሁ። እንደ አብዛኛው የአዳማ ግቢ የእኛም ፍሳሽ የሚሄደው እዚያው ግቢ ውስጥ ወዳለው ጉድጓድ ነው። ከሽንት ቤቱ ባለ 110 ፒቪሲ ቱቦ ይወጣል፣ መሃል ላይ ማንሆል አለ፣ ከዚያ ጉድጓዱ። መስመሩ ይኸው ነው፣ አለቀ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሜትር አይሞላም። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

ሰሞኑን ሻወር ስንወስድ ውሃው አልሄድ አለ። ቀጥሎ የተከራዮቹ ሽንት ቤት ገነፈለ። ማንሆሉን ስንከፍተው አፉ ድረስ ጢም ብሏል። በአዳማ ሙቀት ሽታው ምን እንደሚሆን ለአዳማ ሰው አልነግርም። ተከራዮቼ «እትዬ፣ ወይ ይሠራ ወይ እንወጣለን» አሉ። እውነታቸውን ነው። ደወልኩ።

መጡ። ኢንጂነሩ ማንሆሉ አፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ጫፉ ላይ መብራት ያለው ረጅም ኬብል ወደ ውስጥ መግፋት ጀመረ። ስክሪኑን የሚያየው ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ነው። «ኦ… ኦኦ…» ይላል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ረዳቱ «ተሰብሯል እንዴ ኢንጂነር?» ይለዋል። «ቆይ እስኪ፣ ዝም በል» ይላል። ድራማው አንደኛ ነው። ከዚያ ኬብሉን ጠቀለሉ፣ በእኔው ሳሙና እጃቸውን ታጠቡ፣ ቪዲዮውም ወዲያው በቴሌግራም ተላከልኝ።

ግራጫ ቱቦ ነው፣ ጣሪያው ላይ የተሰነጠቀ። በስንጥቁ ቀጫጭን የዛፍ ሥር ገብቶ ተንጠልጥሏል። ግቢዬ ውስጥ ኒም አለ። ኢንጂነሩ በእጁ ወደ ኒሙ እያሳየ «ጠላትሽ ያውልሽ» አለኝ። ሥር ቱቦ ውስጥ መግባቱ እውነት ነው። እርጥበት ተከትሎ በመገጣጠሚያው ይገባና ውስጥ ይንሰራፋል፣ ከዚያ ወረቀቱንም ቅባቱንም እየያዘ ይዘጋል። የእነዚህ ሰዎች ውሸት የሚዋጠው እውነት ስለሚቀላቅሉበት ነው።

ቪዲዮው መሃል ላይ አንዲት በረሮ አለች። ከቀኝ በኩል ትወጣለች። ስንጥቁ ጋ ስትደርስ ቆም ትላለች፣ ጢሟን ታወዛውዛለች፣ ከዚያ ሐሳቧን ቀይራ በመጣችበት ትመለሳለች። ታናሽ እህቴ አይታት «እሷም ምርመራ ላይ ናት» ብላ በሳቅ ሞታለች። ያኔ ሁላችንም ስቀናል።

መስመሩ በሙሉ ይቀየር ተባለ። ዋጋው 96 ሺህ ብር፣ ከግማሽ በላዩ ቀብድ። ደረሰኝ ስጠይቅ ያው የምታውቁት መልስ ነው፦ «በደረሰኝ ከሆነ የቫት 15 በመቶ ይጨመርብሻል፣ ለአንቺ ብዬ ነው እህቴ።» ብሩ የገባውም በድርጅቱ ስም ሳይሆን በግለሰብ ሒሳብ ነው።

ሥራው እንኳ ፈጣን ነበር። የቀን ሠራተኛ አምጥተው ቆፈሩ፣ የበረንዳዬን ሴራሚክ ሰባበሩ፣ አሮጌውን አውጥተው አዲሱን አጋደሙ፣ አፈር መለሱ። አሮጌውን ቱቦ ከጉድጓድ ሲወጣ ወዲያው ወዲያው ፒክአፑ ላይ ይጭኑታል። «ተዉት፣ ለአንድ ነገር ይሆነኛል» ስላቸው «የተበከለ ነው፣ ለጤናሽ ብለን ነው» አሉኝ። ከእናቴ ወዲያ ለጤናዬ እንዲህ የተጨነቀ ሰው አላውቅም። ማንሆሉ ውስጥ የተኛውን በባልዲ ቀድተው አጎደሉት፣ ከላይ ትንሽ ውሃ ለቀቁ፣ «ይኸው ሄደ» አሉኝ። ቀሪውን ብር ተቀብለው ላሽ።

ሳምንት ሳይሞላ ያው ሽንት ቤት ያንኑ ገነፈለ። ስልክ አያነሱም። በእህቴ ቁጥር ስደውል ያነሳሉ፣ ድምፄን ሲሰሙ «ኔትወርክ ነው፣ አይሰማም» ይሉና ይዘጋሉ። ስለዚህ ትናንት ባጃጅ ይዤ በአካል ሄድኩ።

ቢሯቸው ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ስልኳን የምትነካካ ልጅ አለች። ቀና እንኳ ሳትል «ኢንጂነር ቢዚ ነው፣ ቁጭ በይ» አለችኝ። ቁጭ አልኩ። ኢንጂነሩ እዚያው ፊት ለፊቴ ነው፣ ከአንድ ሽማግሌ ጋር። ሽማግሌው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ታብሌት ላይ አጎንብሰዋል። «ይኸውልዎት አባባ» ይላቸዋል፣ «ዛሬ ጠዋት እርስዎ ቤት ያየነው ነው። ጉዳቱን እያዩ ነው?» እሳቸው መነጽራቸውን ገፋ እያደረጉ ያያሉ። እኔም ሰው ነኝ፣ አንገቴን ሰገግ አድርጌ አየሁ።

ግራጫ ቱቦ። ጣሪያው ላይ ስንጥቅ። የተንጠለጠለ ሥር። እውነት ለመናገር መጀመሪያ አዘንኩላቸው። የእሳቸውም ቤት ዛፍ አለበት ማለት ነው አልኩ። ከዚያ ከቀኝ በኩል በረሮዋ ወጣች።

ቆመች። ጢሟን አወዛወዘች። ተመለሰች።

ጆሮዬ ጭው አለ። ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬን ስፈልግ እጄ ይንቀጠቀጣል። ቴሌግራሙን ከፍቼ የእኔን ቪዲዮ አወጣሁና ሄጄ ከታብሌቱ ጎን አስቀመጥኩት። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይችን ደግሞ ይዩልኝ» አልኳቸው። ኢንጂነሩ ታብሌቱን ሊያነሳ ሲል ሽማግሌው እጃቸውን ጫኑበት። «ተው፣ ይታይ» አሉ። ሁለቱንም ከመጀመሪያው አስነሳናቸው። በረሮዎቹ እኩል ወጡ። እኩል ቆሙ። እኩል ዞረው ሄዱ። ከታች ጥጉ ላይ ኬብሉ ስንት ሜትር እንደገባ የሚቆጥር ቁጥር አለ፣ በረሮዋ ስትመለስ ሁለቱም ላይ 23.6 ይላል። 12 ሜትር በማይሞላ መስመር ውስጥ 23.6 ሜትር ኬብል! የት ሄዶ ነው? ጎረቤት ቤት ቡና ጠጥቶ ተመለሰ?

ሽማግሌው አንዴ ስልኩን አንዴ ታብሌቱን አዩና «ልጄ፣ ይሄ የእኔ ቤት ነው የእሷ?» ብለው ጠየቁት። ድምፃቸውን ከፍ እንኳ አላደረጉም።

ቢደነግጥ ኖሮ እኮ ትንሽ ይቀለኝ ነበር። ሰውዬው አልደነገጠም። ታብሌቱን በደረቱ ደፋውና «እህቴ፣ በረሮ ሁሉ ይመሳሰላል» አለኝ።

«ቁጥሩስ?»

«ካሜራው ካለፈው ሥራ ቀጥሎ ነው የሚቆጥረው። ቴክኒካል ነገር ነው፣ አይገባሽም።»

«ታዲያ የእሳቸውና የእኔ እንዴት አንድ ቁጥር ላይ ተገናኘ?»

መልስ የለም። ልጅቷን አየት አደረጋት። ያኔ ነው ስልኳን ያስቀመጠችው። «እትዬ፣ በረሮዋን በመልክ ካወቅሻት ለምን ይዘሻት አትሄጂም?» ብላ ፍርፍር አለች። እሱም ሳቀ። በራሴ ብር፣ ፊት ለፊቴ፣ ሙድ ያዙብኝ። ይህቺን ልጅ የምትወልድ ሴት ነኝ።

ብሬን መልሱ አልኩ። «ደረሰኝ አለሽ? ውል አለሽ?» አለኝ፣ ደረሰኝ አልሰጥም ያለው ራሱ ሰውዬ። «ቱቦ ይቀየር ተባለ፣ ቱቦ ተቀየረ። ሌላ ምን አለሽ?» ከዚያ ተነስቶ በሩን ከፈተና «ደንበኛ አታስደንግጪብን» አለኝ። ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ከኋላዬ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። ሽማግሌው ናቸው። ለቀብድ ያመጡትን ብር በፌስታል እንደጠቀለሉት ብብታቸው ሥር ይዘውታል። እሱ ቢያንስ ተርፏል።

ማታውን የሰፈራችንን ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁት። ማንሆሉን ዞር ብሎም አላየው። ቀጥታ ሄዶ የጉድጓዱን ክዳን አስነሳና ራቅ ብሎ ቆመ። አንዱ ተከራዬ ሲጋራውን ይዞ ሊያይ ሲጠጋ ጮኾበት መለሰው፣ ከጉድጓድ የሚወጣው ጋዝ ይቀጣጠላል። ከዚያ በስልኩ መብራት ወደ ውስጥ አበራ። ሙሉ ነው። ፍሳሹ ቱቦው ከሚገባበት ቀዳዳ በላይ ደርሷል።

በቃ፣ በሽታው ይኸው ነበር። ጉድጓድ ሲሞላ የሚመጣው ፍሳሽ መግቢያ ስለሚያጣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሲመለስ ደግሞ ዝቅ ባለው ቦታ ይወጣል፣ በሻወር ቤት ወለል፣ በማንሆል። ለሚያየው ሰው ቱቦ የተሰበረ ወይ የተዘጋ ይመስላል። አንድ መጣጭ መኪና ተጠርቶ የሚያልቅ ነገር ነው።

ቪዲዮውን አሳየሁት። ሁለቴ አየው።

«እነሱ የመጡ ቀን ማንሆሉ ሞልቶ ነበር አላልሽም እትዬ?»

«አፉ ድረስ።»

«ይሄ ቱቦ እኮ ደረቅ ነው። በሞላ ቱቦ ውስጥ ካሜራ ቢገባ ድፍርስ ውሃ እንጂ ምንም አያሳይም። በረሮዋ በዋና ነው የመጣችው?»

የባሰው ዛሬ ጠዋት መጣ። አዲሱን መስመር ከማንሆሉ ወዲህ ትንሽ ገለጥ አድርጎ ውሃ ልክ አስቀመጠበት። ባለ 110 ቱቦ በየሜትሩ ሁለት ሴንቲ ያህል ዝቅ እያለ መሄድ አለበት፣ ፍሳሹም ሰገራውም አብረው እንዲሄዱ። የእኔው መጀመሪያ ዝቅ ይላል፣ መሃሉ ላይ ሆድ ሠርቷል፣ ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ሲጠጋ ሽቅብ ይወጣል። ከሥሩ አሸዋ የለም። አፈሩም ሳይጠቀጠቅ ነው የተመለሰው፣ የግቢያችን አፈር ደግሞ እንደ አመድ ልል ነው፣ ክረምት ሲገባና ውሃ ሲጠጣ ቱቦውን ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ አሁን ጉድጓዱ ቢመጠጥም አልገላገልም። ፍሳሹ እዚያ ሆድ ውስጥ ይተኛል፣ ይደርቃል፣ ይዘጋል። ደህናውን ቱቦዬን ጭነው ሄደው የተበላሸ ቀበሩልኝ። እንደገና ሊቆፈር ነው። ተከራዮቼ እስከዚያ ጎረቤት ሽንት ቤት እየተመላለሱ ነው፣ ጎረቤቴም መሰልቸት ጀምራለች።

እንግዲህ ቶሎ ልንገራችሁና ወደ ጣጣዬ ልመለስ። ፍሳሽ ሲመለስባችሁ ማንንም ከመጥራታችሁ በፊት የጉድጓዱን ክዳን አስነሱና ሙሉ መሆኑን እዩ። ማንም ግን ወደ ውስጥ እንዳይወርድ፣ ያ ጋዝ ሰው ይገድላል። ካሜራ ራሱ ክፉ ነገር አይደለም፣ ነገር ግን መስመሩ ከጎደለ በኋላ ይግባ፣ ስክሪኑንም አጠገቡ ቆማችሁ እዩ። ኬብሉ ውስጥ እያለ አንድ ሰው ሽንት ቤት ገብቶ ባልዲ ውሃ ይልቀቅ። ውሃው ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ካላያችሁት የምታዩት ቱቦ የእናንተ አይደለም። አሮጌውን ቱቦ አታስጭኑ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት ይላል፣ «ለአንቺ ብዬ ነው» የሚል ነገር የለውም።

ማመልከቻዬን ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ ዛሬ ከሰዓት አስገብቻለሁ። ሽማግሌው ስልካቸውን ሰጥተውኛል፣ ሲጠሩ መጥተው ያዩትን ሊናገሩ ነው። እናንተም ጋ በረሮ ያለችበት ቪዲዮ ከተላከ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ የቤታችሁን መስመር ርዝመትም ጻፉበት። ከማመልከቻው ጋር አያይዘዋለሁ።