ለኮንዶሚኒየም ቤት የሚሆን መጠባበቂያ ኃይል፦ ባለ 1,000 ዋት ኢንቨርተር ከሊቲየም ባትሪ ጋር

አራት ኪሎ አካባቢ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ መብራት በሄደ ቁጥር ጄነሬተር ማስነሳት የሚታሰብ አይደለም። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው በረንዳ ላይ ማስቀመጥ እንኳ ለሕይወት ያሰጋል፤ በዚያ ላይ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በአየሩ መሳሳት ምክንያት ትንሽ የቤንዚን ጄነሬተር ከተጻፈበት ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። በዚህ ምክንያት ሜክሲኮ አካባቢ ካለ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር 1,000 ዋት የሚሰጥ ፒዩር ሳይን ዌቭ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ከመስመር እንደምናገኘው ወዳለ ኤሌክትሪክ የሚቀይር መሣሪያ) እና 12.8 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ሊቲየም ባትሪ ገዛን።

ባትሪው 1,280 ዋት ሰዓት ይይዛል። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላው ተቀንሶ ለራውተር፣ ለቴሌቪዥን፣ ለአራት አምፖሎች፣ ለላፕቶፕና በየመሀሉ ለሚነሳው ፍሪጅ አምስት ሰዓት ገደማ ይበቃል። እኩል መጠን ያለው የእርሳስ ባትሪ ዋጋው ይቀንሳል፤ ሆኖም ከግማሽ በታች በተደጋጋሚ ከወረደ ቶሎ ስለሚሞት ገዢው የሚጠቀመው የከፈለበትን ግማሽ ብቻ ነው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመው 2,000 ዋት ለቅጽበት ብቻ የሚሰጠው አቅም ሲሆን፣ ያለማቋረጥ የሚሰጠው 1,000 ዋት በጎን በኩል በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። እንዲህ ያለው አጻጻፍ ገዢን ያሳስታልና ደስ አይልም። የቅጽበቱ አቅም ግን ከንቱ አይደለም፤ የፍሪጅ ሞተር ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ፣ በዚያች ቅጽበት የኢንቨርተሩ ማራገቢያ ጮኽ ብሎ ይዞርና አምፖሎቹ ሳይርገበገቡ ነገሩ ያልፋል።

መደብሩን የማመሰግነው በገመዱ ነው። በ12 ቮልት 1,000 ዋት ለማግኘት ከ80 አምፔር በላይ በገመዱ ውስጥ ስለሚያልፍ ቀጭን ገመድ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ባለሙያው ወፍራም ገመድ አሳጥሮ ቆርጦ፣ ጫፉን እፊታችን በመጭመቂያ አጥብቆ፣ ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ አስገባ፤ ኢንቨርተሩ ከፋብሪካ የመጣው ለእርሳስ ባትሪ ተስተካክሎ ስለነበር የቻርጁን ቮልቴጅም ወደ ሊቲየም ቀየረው። ለዚህ ሥራ የተለየ ክፍያ አልጠየቀም።

ዋናው ጉድለት ቻርጁ ነው። በ10 አምፔር የሚሞላ በመሆኑ ባዶ የሆነው ባትሪ እስኪሞላ አሥር ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ መብራት መጥቶ ወዲያው በሚሄድባቸው ሳምንታት ጨርሶ አይሞላም። አዲስ የሚገዛ ሰው ጥቂት ጨምሮ ባለ 20 አምፔሩን ቢወስድ ይሻለዋል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚስብ በዚህ መሣሪያ እንጀራ አይጋገርም፤ ለወጡም ቢሆን የጋዝ ሲሊንደሩን ሞልቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።