በረዶው ሳይቀልጥ ወደ ዲያብሎ ሐይቅ፦ የሚነፋ ካያክ ወይስ ያገለገለ ፕላስቲክ?

ሲያትል ካሉት ወዳጆቼ መካከል ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ፣ ለመግዛት ያሰበ ሁሉ ስልክ የሚደውለው ለእኔ ሆኗል፤ ጥያቄውም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «በካርቶን ታጥፎ የሚመጣውን፣ በአየር የሚነፋውን ልግዛ ወይስ ያንን ረጅሙን ፕላስቲክ?» ይህ ጥያቄ ለእኔ የሚቀርበው ዐዋቂ ስለሆንሁ ሳይሆን ሁለቱንም ገዝቼ በአንደኛው ስለከሰርሁ ነው። መልሴን ከወዲሁ ልናገር። በጁላይ ከተማው ውስጥ ባለው በግሪን ሌክ ሐይቅ ላይ ለመንሸራሸር ከሆነ ያማራችሁን ግዙ፤ በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ ወደ ሰሜን ካስኬድስ ተራሮች ለመውጣት ከሆነ ግን ያገለገለ ፕላስቲክ ግዙ፣ የተረፈውንም ገንዘብ ለልብስ አውሉት።

ወቅቱን ለይቼ መጥቀሴ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ አካባቢ ሰው የሚሄድባቸው ሁለት ሐይቆች አሉ፤ ዲያብሎና ሮስ። ሁለቱም በስካጊት ወንዝ ላይ በተሠሩ ግድቦች የተፈጠሩ ሲሆኑ ግድቦቹን የሚያስተዳድረው የሲያትል ከተማ የመብራት ድርጅት ነው፤ በየሁለት ወሩ የምንከፍለው የመብራት ሒሳብ ከፊሉ ከዚያው የሚመነጭ ነው ማለት ይቻላል። ሮስ ሐይቅ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ኖሮት ጫፉ የካናዳን ድንበር ይሻገራል። በክረምት ውኃው ለኃይል ማመንጫና ጎርፍን ለመከላከል ሲባል እንዲወርድ ይደረግና በጸደይ በረዶው ሲቀልጥ ቀስ በቀስ ይሞላል። ሸለቆው በውኃ ከመዋጡ በፊት ዛፎቹ ተቆርጠው ስለነበር በሜይ ውኃው ገና ዝቅ ባለበት ጊዜ የጉቶዎቹ ዐናት አንዳንዱ ከውኃው በላይ፣ አንዳንዱ ደግሞ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ይጠብቃችኋል። ፕላስቲክ ጀልባ ጉቶ ሲነካ ይጫራል፤ የሚነፋው ግን ይቀደዳል። ለእኔ ክርክሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ወዳጆቼ ዋጋውን ሳያዩ አይረኩም።

ከዋጋው በፊት የደረሰብኝን ልናገር። የመጀመሪያ ካያኬን በኢንተርኔት የገዛሁት በ219 ዶላር ነበር፤ ከታክስ ጋር 242 ሆነ። በሜይ መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከኮሎኒያል ክሪክ መነሻ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ነፋሁትና እንደ ከበሮ ቆዳ ወጥሬው ወደ ዲያብሎ ውኃ አወረድሁት። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ለሰለሰ። የተበሳ መስሎኝ ዳር ዳሩን በጆሮዬ አዳመጥሁ፤ ምንም የለም። በኋላ እንደተረዳሁት ከበረዶና ከበረዶ ግግር የሚመጣው ውኃ በዚያ ወቅት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ስለሆነ በውስጡ ያለው አየር ቀዝቅዞ ይኮማተራል። ደግሜ ነፋሁት። እኩለ ቀን ላይ ምሳ ለመብላት ዳር ላይ ባወጣሁት ጊዜ ፀሐዩዋ ያንኑ አየር መልሳ አስፋፋችው፤ እኔም ዳቦዬን እንደያዝሁ ከወንበሩ ሥር ቡና ሊገነፍል ሲል ከጀበና አፍ እንደሚወጣው ያለ ቀጭን ትንፋሽ ሰማሁ። አራት ጣት የሚያህል መጋጠሚያ ተላቆ ነበር። ሌሎቹ ሁለት የአየር ክፍሎች ስለያዙ አልሰጠምሁም፤ ነገር ግን ከሰዓት በኋላ በሸለቆው ውስጥ የሚነሣውን ነፋስ ፊት ለፊት እየገፋሁ፣ በጂንስ ሱሪ ውኃ ውስጥ ተቀምጬ፣ ጎባጣ ጀልባ እየቀዘፍሁ ተመለስሁ። መኪናዬ ዘንድ ስደርስ ቁልፉን በሩ ላይ ማስገባት እስኪያቅተኝ ድረስ ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኝ ነበር። ስልክ ልደውል ብልም ኔትወርክ የለም፤ ከማርብልማውንት ካለፋችሁ በኋላ እንዲያውም ነዳጅ እንኳ አታገኙም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ከሳጥኑ ጋር የመጣው የእጅ ፓምፕ በሁለተኛው ቀን ስለተሰበረ ግፊት የሚለካ ሌላ ፓምፕ በ38 ዶላር ገዛሁ፤ ለማጣበቂያና ጀልባው ለተሠራበት ለስላሳ ፕላስቲክ (ፒቪሲ) ቁራጭ 24 አወጣሁ። ድምሩ 304 ዶላር ነው። ጀልባው ያገለገለኝ አራት ጊዜ ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ ጉዞ 76 ዶላር ፈጅቶብኛል፤ በመጨረሻም በነፃ ውሰዱልኝ ብዬ የወሰደው ሰው አልነበረም። ፕላስቲኩ ዐሥራ አራት ጫማ ርዝመት ያለው፣ ከፊትና ከኋላ የተዘጋ የዕቃ ክፍል ያለው አሮጌ ካያክ ነው። ሻጩ 480 ጠይቆኝ በ425 ተስማማን። ያገለገለ መቅዘፊያ 70፣ ወገብ ላይ የሚታሰረው የውኃ መከላከያ ሽርጥ 60፣ የመኪና ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው ስፖንጅና ማሰሪያው 42፣ ለመድፈኛ ማስቲሽ 15፤ በድምሩ 612 ዶላር። ጣሪያ ላይ የሚገጠመውን የብረት መደርደሪያ ብገዛ ኖሮ ለእሱ ብቻ ከ400 በላይ እከፍል ነበር፤ ስፖንጁ ግን መኪናው ቀስ ብሎ እስከ ሄደና የፊቱና የኋላው ገመድ እስከ ታሰረ ድረስ አላሳፈረኝም። አራት ጸደይ ከተጠቀምሁበት በኋላ ባለፈው ወር አንድ ሰው 350 ሰጥቶኝ እምቢ አልሁት።

ለሚነፋው የምሰጠው ሐቅ አለ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖሩ፣ ጋራዥ የሌላችሁና መኪናችሁ ትንሽ የሆነባችሁ ሰዎች 28 ኪሎ የሚመዝን ረጅም ፕላስቲክ የት ታኖሩታላችሁ? ይህን የሚመልስ ብልሃት የለኝም፤ እኔ የማኖረው ምድር ቤት ባለው ወዳጄ ቤት ሲሆን ኪራዩን በዶሮ ወጥ እከፍላለሁ። ብዙ ገንዘብ የሚያስወጡት፣ ወለላቸው በክር የተያያዘና ጠንከር ያለው የሚነፉ ካያኮችም ከእኔው ርካሽ የሚነፋ ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም፤ እነሱ በእርግጥ ጀልባ ናቸው። ችግሩ በዚያ ዋጋ ሁለት ያገለገሉ ፕላስቲኮች መገኘታቸው ነው። እንደ ካርቶን የሚታጠፈውንም አንዴ ተውሼ ሞክሬዋለሁ፤ ቀላልና ቆንጆ ነው፣ ግን ለማጠፍና ለመዘርጋት ትዕግሥት ያላቸው ሰዎች ይግዙት።

ጥገናን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር አስቀድሜ ላንሣ። የሚነፋ ጀልባ ሲበሳ ነገሩ የጎሚስታ ሥራ ይመስላል፤ ነው እንጂ። ቦታውን በአሴቶን መጥረግ፣ ማጣበቂያውን በሁለቱም ፊት በስሱ መቀባት፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ደግሞ መቀባት፣ ለጥፎም አንድ ሙሉ ቀን ሳይነኩ ማሳደር ነው። ይህ ግን የሚሠራው ሜዳው ላይ ለተበሳ ቀዳዳ ነው፤ ሁለቱ የፒቪሲ ሽፋኖች የተገናኙበት መጋጠሚያ ሲላቀቅ የምትለጥፉት ቁራጭ ከጎኑ ያለውን ከመላቀቅ አያድነውም። እኔ ሁለት ጊዜ ለጥፌ ሁለት ጊዜ ከጎኑ ተከፍቶብኛል። በአንጻሩ ፕላስቲኩ ፖሊኤቲሊን ስለሆነ ተራ ሙጫ አይይዘውም፤ ስለዚህ የተሰነጠቀ ካያክ በሙጫ ተለጥፎ ቢቀርብላችሁ ሻጩ ወይ አያውቅም ወይ ያታልላችኋል። ስንጥቅ በደንብ የሚጠገነው በሙቀት አቅልጦ በራሱ ዓይነት ፕላስቲክ በመበየድ ነው። ጭረት ግን ጉዳት አይደለም። ፀሐይ ላይ ጠብቆ ከታሰረ ሆዱ ይጎደጉዳል፤ የፈላ ውኃ አፍስሳችሁ ከውስጥ ስትገፉት ወደ ቦታው ይመለሳል፤ እኔ በእንስራ ሙሉ ሙቅ ውኃ አስተካክዬዋለሁ።

ያገለገለ ፕላስቲክ ልትገዙ ስትሄዱ የሻጩን ወሬ ትታችሁ ሦስት ነገር አድርጉ። በቀኝ በኩል ከኋላ ጫፍ ላይ የተቀረጸውን የጀልባውን መለያ፣ ዐሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር፣ ፈልጉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኀዞች የሞዴሉን ዓመት ስለሚናገሩ «ሁለት ዓመት ብቻ ነው የነዳሁት» የሚለውን ተረት ያጋልጣሉ። ቀጥሎ ቀለሙ የነጣበትን ቦታ በአውራ ጣታችሁ ጫኑት፤ መታጠፍ ሲገባው ቢንቋቋ ፀሐይ በልታዋለችና ጥላችሁት ሂዱ። በመጨረሻም የሻጩን ቱቦ ተበድራችሁ የፊቱንና የኋላውን የዕቃ ክፍል ውኃ ሙሉና ወደ መቀመጫው የሚንጠባጠብ መኖሩን ተመልከቱ። የሚንጠባጠብ ቢሆን እንኳ ዋጋ ማስወረጃ ነው እንጂ መሸሻ አይደለም፤ እኔ ከ480 ወደ 425 ያወረድሁት በዚሁ ጠብታ ሲሆን መድፈኛው 15 ዶላር ፈጀ። ተራ ሲሊኮን ግን አትግዙ፤ ፖሊኤቲሊን ላይ ከአንድ ወቅት በላይ አይሰነብትም።

የፎርጂድ ነገር ደግሞ ከሁሉም ያሳዝነኛል። በኢንተርኔት የሚሸጡ ብዙ የሚነፉ ካያኮች የታዋቂ ጀልባን ፎቶ ለጥፈው የሚልኩት ሌላ ነው። የእኔው ላይ ያ ባለ ዐሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር መለያ የትም አልነበረም፤ ግፊቱ ምን ያህል መሆን እንዳለበትም ቫልቩ አጠገብ አልተጻፈም። ከጀልባው ጋር «በስጦታ» የመጣው የመንሳፈፊያ ሰደርያ (ላይፍ ጃኬት) ግን ከጀልባውም የባሰ ነበር፤ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ማረጋገጫ በውስጡ ያልታተመበት ጃኬት በሕግ ፊትም በውኃ ፊትም ጃኬት አይደለም። ጃኬት ላይ አንድ ዶላር እንኳ አትከራከሩ።

አሁን ገንዘቡ ሊውልበት ወደሚገባው ነገር ደረስን። በካናዳ ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ የቀዝቃዛ ውኃ ተመራማሪ የሆኑት ጎርደን ጊስብሬክት በሰፊው ያስተዋወቁት አንድ፣ ዐሥር፣ አንድ የሚባል ስሌት አለ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመቆጣጠር አንድ ደቂቃ፣ እጁንና እግሩን እንደ ፈቃዱ ለማዘዝ ዐሥር ደቂቃ፣ ራሱን እስኪስት ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል አለው። እኔ ከውኃው ወጥቼ እንኳ የመኪናዬን በር መክፈት ያቃተኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ ይህን ካነበብሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ዌትሱት፣ ከሰውነት ጋር የሚጣበቀውን የጎማ ልብስ፣ በ110 ዶላር ገዛሁ፤ ከሥሩ ሱፍ፣ ከላዩ የነፋስ ጃኬት ስደርብበት በሜይ ዳር ዳሩን ለመሄድ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ውኃ ጨርሶ የማያስገባውን ድራይሱት ግን አዲሱን ለመግዛት ከ1,000 ዶላር በላይ ስለሚጠይቅ አንድ ዓመት ጠብቄ ያገለገለ በ380 አገኘሁ። የአንገቱና የእጆቹ ማሸጊያ ላስቲክ (ላቴክስ) እንደ ማስቲካ ይጣበቅ ነበር፤ ለአንገቱ 45፣ ለእጆቹ 40፣ ለማጣበቂያው 13 አውጥቼ ራሴ ቀየርሁትና በ478 ተጠናቀቀ። ላቴክስ የፀሐይ ቅባትና ሙቀት ይጠላል፤ መኪና ውስጥ አትተዉት።

ፕላስቲኩ 612፣ ዌትሱቱ 110፤ 722 ዶላር ይዛችሁ መነሣት ትችላላችሁ። ባሕር ዳር ያደግሁ ሰው ስለሆንሁ እናቴ ይህን ሒሳብ ስትሰማ ስቃ አላበቃችም፤ የጣና ደንገል ታንኳ በጥቂት ወራት ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ሲያረጅ ሌላ ይታሰራል፣ ማንም ስለ ዋጋው ሌሊቱን አይከራከርም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱት ዲያብሎን እንጂ ሮስን አይሁን። ወደ ኮሎኒያል ክሪክ የሚወስደው መንገድ ቁጥር 20 ከዚያ በላይ በበረዶ ተዘግቶ እንኳ እስከ መነሻው ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ከዲያብሎ ወደ ሮስ ጀልባ በመኪና የሚያሻግረው ሪዞርት ግን ሥራ የሚጀምረው በጁን አጋማሽ ስለሆነ ከዚያ በፊት ዳገቱን ጀልባ ተሸክማችሁ ትወጣላችሁ፤ 28 ኪሎ በዚያ ዳገት ላይ 28 አይመስልም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚነሣ ጠዋት ውጡ፣ ከዳር አትራቁ፣ ነዳጅም ማርብልማውንት ላይ ሙሉ።